ሰላሳ ዘጠኝ ገጽ «ግ»

ሟቹ ከሞተ በኋላ ሰላሳ ዘጠኝ ገጽ ጽፏል።

ግንባሩ ያረፈው የላፕቶፑ ቁልፎች መሀል ነው። ሥሩ የተቀበረችው «ግ» የሚያነሳት ስታጣ ራሷን ስትደጋግም ቆይታ ገጽ በገጽ ላይ ሞልታለች። ማጅራቱን ከኋላ በከባድ ነገር ተመትቷል። የተመታበት ቀይ የእሳት ማጥፊያ ኮሪደሩ ላይ ካለው ማንጠልጠያ ወርዶ፣ ተጠርጎ፣ ወደ ማንጠልጠያው ተመልሷል። ገዳዩ የወሰደውን ዕቃ ቦታው የሚመልስ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነው።

ኢንስፔክተሯ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት ነች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የሥራ ክፍል በገባች በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስኮቱን ከፍታ ዘጋች፣ የሦስቱን ጠረጴዛዎች መሳቢያ ስባ መለሰች፣ መስታወቱ በወረቀት ወደተሸፈነው የሟቹ ትንሽ ክፍል አራት ጊዜ ገብታ ወጣች። ሦስቱ ባልደረቦች በዓይን ሲከተሏት አንገታቸው ዛለ።

«መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ተርጓሚዋ፤ ቀጭን፣ ጣቶቿን የምታፍተለትል ሴት። «አምስት ሰዓት ላይ ተራዬ ነበር። አካውንቱን ልከፍት ብል ‹በሌላ ኮምፒውተር ተከፍቷል› አለኝ። ከእኔ በፊት ባለተራ የነበረውን ታናሽን ‹አልወጣህም እንዴ?› ብለው ‹እኔማ ልክ በአምስት ወጥቻለሁ› አለ። ድልድይ ይሆናል ብዬ ሄጄ አንኳኳሁ። ዝም ሲለኝ ገባሁና ቀና አደረግኩት። አምስት ከአሥር ነበር።»

«ቆይ፣ ቆይ። ድልድይ ማነው?»

«ሟቹ» አለ ሎጎ። ሎጎ የሚሉት የድርጅት አርማ እየሣለ ስለሚኖር ነው፤ ጭንቅ ሲይዘው ቀልድ የሚያመልጠው ሰው ነው። «በኢንተርኔት ሥራ የምናገኝበት ሳይት ለእኛ አይከፍልማ፣ ኢንስፔክተር። ‹ገንዘብ የሚቀበሉበትን አገር ይምረጡ› ሲልዎት የእኛ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሰው የማይኖርበት ደሴት ግን አለ። ፔንግዊን ቢሠራ ይከፈለዋል፣ እኛ አይከፈለንም። ድልድይ ውጭ ኖሮ ሲመለስ የባንክ ሂሳቡን እዚያው ትቶት መጣ። በቃ፣ በሱ ስምና በሱ ፊት ሦስታችን እንሠራለን።»

«በፊቱ ደግሞ እንዴት?»

«ገንዘብ ሊወጣ ሲል ካሜራ ይከፈትና ‹ወደ ግራ ይዙሩ፣ ወደ ቀኝ ይዙሩ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ› ይላል። ያ ፊት ከሌለ ሳንቲም አትንቀሳቀስም።»

ኢንስፔክተሯ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሄደች። የተራ ሠንጠረዥ ነው። አካውንቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኮምፒውተር በላይ አይከፈትም፤ ስለዚህ ተራ ይያዝለታል። እያንዳንዱ ሰዓቱን ሲጨርስ በገዛ እጁ ይሞላል። ያልተሞላ ሰዓት አይከፈልም።

«መቶ ብትሠሩ ስንት ይደርሳችኋል?»

«ሃያውን ሳይቱ ይወስዳል» አለ ሎጎ። «ሲወጣ ያስከፍላል። ሲመነዘር ይቆርጣል። የውጭው ባንክ ላክሁ ብሎ፣ የዚህኛው ተቀበልሁ ብሎ ይቆርጣሉ። ከዚያ ድልድይ የድልድዩን ይወስዳል።»

«እናንተስ?»

«እኛ ደረሰኙን እናነባለን።»

ተርጓሚዋ አልሳቀችም። «የሰባት ወር ድካሜ እዚያ ውስጥ ነው። ባወጣሁ ቁጥር ስለሚቆረጥ አንዴ ላውጣው ብዬ አጠራቀምኩት። አባቴ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ሰኞ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አለው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ ካልተከፈለ አይነካውም። እንግዲህ...» እጇን ወደ ትንሿ ክፍል ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«ስለዚህ በሱ ሞት ሁላችሁም ትከስራላችሁ።»

«እሱን መግደል ማለት እኮ» አለ ሎጎ፣ «ካርድዎ ውስጡ እያለ ኤቲኤሙን መስበር ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩን እየተመላለሰች አንድ በአንድ አስጠራቻቸው። ተጠያቂው እኩል መራመድ ነበረበት።

«ከአራት እስከ አምስት የት ነበርክ?»

«ደረጃው ላይ» አለ ሎጎ እያለከለከ። «ለአራተኛ ጊዜ ‹አርማው ትንሽ ይተልቅ› ካለኝ ደንበኛ ጋር በሐሳቤ እየተደባደብኩ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ደንበኛው ቢያየኝማ ሟቹ እሱ ነበር የሚሆነው።» አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ። አፌ ነው።»

«የሟቹ ወንድምስ? ታናሽ የምትሉት?»

«ከኋላው ፎቶኮፒ ነው የምንለው። ድሮም ይመስለው ነበር፤ ከባለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ጺሙን እንደሱ አሳደገ፣ እንደሱ መነጽር አደረገ። ወንድሙን ይወዳል መሰለኝ።»

ተርጓሚዋም ያየኝ ሰው አለ አላለችም። ተራዋ እስኪደርስ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጠረጴዛዋ ላይ ተኝታ ነበር። «ታናሽ ወንበሩ ላይ ነበር?» ስትባል፣ «ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምቀመጠው» አለች።

ታናሽየው ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን የተስተካከለ ነው። ማስረጃ ይዞ የመጣው እሱ ብቻ ነው።

«ከአራት እስከ አምስት ተራዬ ነበር። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ሳይቱ በየሰዓቱ መጨረሻ ማጠቃለያ በሁላችንም ስልክ ይልካል። ይኸው፣ የሥራ ትጋት፤ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ስድሳ፣ የቀሩት ሦስቱ መቶ፣ መቶ፣ መቶ።»

«ጎበዝ ነህ።»

«ወንድሜ ነው ያስተማረኝ።»

«መነጽርህን ላየው?»

አወለቀና ሰጣት። ወደ ክፍሉ ይዛው ገብታ ከተራ ሠንጠረዡ ፊት ያዘችው። በመስታወቱ ውስጥ ፊደሎቹ አልተለቁም፣ አላነሱም። «አራት–አምስት፦ ታናሽ» ይላል ወረቀቱ፤ ቀለሙ አዲስ ነው።

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር አደረገች። የሎጎን ላፕቶፕ ስባ ተቀመጠች፣ ሰዓቷን አወለቀች፣ «ግ» ላይ ጣቷን ተጫነችና አሥር ደቂቃ ሙሉ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ጉልበቷ ብቻ ከጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሰባት ገጽ» አለች። «ሁላችሁም ኑ።»

ሦስቱ ተሰበሰቡ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«መጀመሪያ ሰዓቱን እንያዝ። አንዲት ቁልፍ በአሥር ደቂቃ ሰባት ገጽ ትሞላለች። የሟቹ ሰላሳ ዘጠኝ ነው፤ ሃምሳ አምስት ደቂቃ ገደማ መሆኑ ነው። አንቺ በአምስት ከአሥር ቀና አደረግሽው። ወደ ኋላ ቁጠሪ።»

«አራት... ከሩብ» አለች ተርጓሚዋ።

«በአራት ከሩብ ተገደለ። ከ‹ግ›ዎቹ በላይ ደግሞ ለሁላችሁ የጀመረው መልእክት አለ፤ ‹ልጆች፣ ሳይቱ ከሚቀጥለው ወር ሌላ ክፍያ ሊጨምር ነው። ሰልችቶኛል። አካውንቱን ዛሬ እዘጋለሁ። የየድርሻችሁን አሰልፌያለሁ፣ የቀረው ፊቴን ማሳየት ብቻ› ይላል። ነጥቡን አላደረገም። ገንዘብ ለማሰለፍ አካውንቱ ውስጥ መግባት አለበት፣ አይደል? አካውንቱ ደግሞ በሁለት ኮምፒውተር አይከፈትም።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «በአንተ ተራ ገብቷል። ስለዚህ ‹ዛሬ ተራህን ልቀቅልኝ› ብሎ አስፈቅዶሃል፤ ለምን እንደሆነም ነግሮሃል።»

«ማጠቃለያውን አሳይቼዎታለሁ እኮ!»

«ማጠቃለያው የአካውንቱን ይናገራል እንጂ የሰውየውን አይናገርም። ትጋት የሚለካው በምንድነው?»

«ቁልፍ በመነካቱ» አለ ሎጎ ቀስ ብሎ።

«የአንቺ ትልቁ ስንት ነው?»

«ሰባ አንድ» አለች ተርጓሚዋ። «ያን ቀን ውኃም አልጠጣሁም።»

«መቶ የሚያገኝ ሕያው ሰው የለም። ሰው ያስነጥሳል፣ ያካል፣ ይተክዛል። ሦስቱን መቶዎች ያገኘው ወንድምህ ነው፤ ሞቶ።»

ኢንስፔክተሯ ተነስታ ወደ ተራ ሠንጠረዡ ሄደች።

«ዝም ብትል ኖሮ እንደነሱ ያየህ ሰው የሌለ አንድ ተጠርጣሪ ነበርክ። አንተ ግን ስልክህ ላይ መቶ ስታይ እጅህ አላስችል አለው። አምቡላንስ ሳይደርስ ወረቀቱ ላይ ስምህን ሞላህ። እዚህ ቤት ሰዓት ሳይሞላ አይታለፍማ።»

«የሞተ ሰው ሰዓት ሊያስከፍል?» አለ ሎጎ። ይህኛው ቀልድ አልነበረም።

«የቀረው ምክንያቱ ነው። በዚህ ሞት ሁሉም ይከስራል ብላችሁኛል። ካሜራው ፊት የሚቀመጥ ሌላ ፊት ያለው ሰው ግን አይከስርም። ጺም አንድ ወር ይፈጃል፤ የዓይን ችግር የሌለበት ሰው መነጽር መግዛት ደግሞ አንድ ከሰዓት።» መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ተራ መስታወት ነው።»

ታናሽየው መነጽሩን እንጂ እሷን አላየም። «ሊያፈርሰው ነበር» አለ። «ስንት ሰው የሚበላበትን! ‹ለእኔ ልቀቅልኝ፣ በአንተ ቦታ ፊቴን ላሳይ› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹አንተ ፊት እንጂ ጭንቅላት የለህም› አለኝና ዞሮ መጻፍ ቀጠለ።»

ካቴናው ገባለት።

በዚህ መሀል ተርጓሚዋ ትንሿ ክፍል በር ላይ ደርሳ ቆማለች። የሟቹ ላፕቶፕ ሌላኛው ገጽ ላይ ስሟ፣ ከስሟ ፊት ለፊት ሰባት ወሯ ተሰልፏል። ከሥሩ፦ «ለመቀጠል ፊትዎን ያሳዩ። የቀረዎት ጊዜ ሃያ ሁለት ደቂቃ።» ሃያ አንድ ሆነ።

ታናሽየው ያየችውን አየ። «ስሚ፣ እህትዓለም» አለ በሁለቱ ፖሊሶች መሀል። «ግራ፣ ቀኝ፣ ጨፈን፤ አንድ ደቂቃ ነው። የአባትሽ ዓይን ይበራል። አሥራ አምስት በመቶ ብቻ። ጠበቃ መያዝ አለብኝ።»

ኢንስፔክተሯ አፏን ከፍታ ልትናገር ስትል ተርጓሚዋ እጇን አነሳች። ጠጋ ብላ ጺሙን፣ ግንባሩን፣ አፍንጫውን እያንዳንዱን ተራ በተራ አየች። ምንም የጎደለው የለም።

«ወንድምህ አሥር ነበር የሚወስደው» አለችና ተመልሳ ገብታ ላፕቶፑን ከደነችው።

ታናሽየውን ይዘው ደረጃው ላይ ደረስ ሲሉ ተርጓሚዋ ስልክ አወጣች። «አባዬ፣ የሰኞው አይሆንም፤ እናዘግየው... ኧረ ደህና ነኝ... ምን? ማን ሰዓቱን ፍታው አለህ? ቆይ፣ ከወንበርህ አትነሳ፣ ትረግጠዋለህ። የወደቀውን ብሎን እኔ መጥቼ እፈልግልሃለሁ።»