ሁለት ኢድ በቶርክሃም

ረሺድ ቺማ የፓኪስታንና የአፍጋኒስታን ድንበር በሆነው በቶርክሃም የእንግዳ ማረፊያ፣ አልጋው ላይ ሞቶ የተገኘው ከቀትር በኋላ ነው። በእጁ የተገመጠ ጣፋጭ ይዟል፤ አጠገቡ ከአፍጋኒስታን የመጣ የኢድ ጣፋጭ ሳጥን ተከፍቷል። የተዘጋውን የንግድ በር ለመክፈት ማታ በፓኪስታን ስም የሚፈርመው እሱ ነበር። ከበሩ ማዶ ወይን የጫኑት የነጋዴው የሐጂ ቶርያላይ መኪኖች በነሐሴ ፀሐይ ቆመዋል።

ኢንስፔክተር ሸምሮዝ ገና ከመግባቱ የሟቹ ምክትል ወቃር ተቀበለው።

«ሐጂው ነው የመረዘው! ረፋዱ ላይ ስገባ ጣፋጩን እየበላ ነበር። 'ቅመስ' ብሎኛል እኮ!»

«ፍሬዬ እየበሰበሰ ፈራሚዬን ልግደል? አብጃለሁ?» በር ላይ የቆሙት ሐጂው ጮኹ። «ኢዳችን ስለሆነ በጠዋት አመጣሁለት። 'ማታ ሳፈጥር እቀምሰዋለሁ' ብሎ አስቀመጠው።»

ሸምሮዝ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለ። ዓይኖቹ ደም ለብሰዋል፤ ከንፈሩ ከውስጥ በኩል በጥርሱ ቆስሏል። አፉ ውስጥ ግን ፍርፋሪ የለም። ትራሱን ገልብጦ ቢያየው የደም ነጠብጣብ አገኘ።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«መርዝ የለም። በትራስ ታፍኖ ነው የሞተው።» ሲል ወደ ወጥ ቤቱ ወደ ዲታ ዞረ። «ጌታህ ዛሬ ምን በላ?»

«ምን ይበላል ሳሂብ!» አለ ዲታ። «እኔና እሱ የላሆር ሰዎች ነን፤ እኛ ዘንድ ጨረቃዋ ገና አልታየችም፣ ጾም ላይ ነን። ከንጋት በፊት ሱሁር አብረን ከበላን ወዲህ ውሃም አልቀመሰ።»

«አንተስ ወቃር?»

«እኔ የፔሻዋር ልጅ ነኝ። መስጊዳችን ጨረቃዋን ትናንት አይቷል፤ የኢድ ሰላት ሰግጄ ነው የመጣሁት...»

«አየህ? አንተ ጾም ስለፈታህ እሱም የፈታ መሰለህ። ሐጂው መጾሙን ያውቃሉ፤ ዲታም ያውቃል። ጣፋጩን ገምጠህ እጁ ላይ ያኖርከው አንተ ነህ። በሩ እንደተዘጋ ከቆየ ኮንትሮባንዱ በተራራው ይዞራል፤ የተራራውን ጥበቃ የምትመድበውም፣ ጉቦውን የምትበላውም አንተው ነህ።»

ወቃር በካቴና ተወሰደ። ሸምሮዝ ወዲያው ወደ ኢስላማባድ ደወለ፤ ለመነ፣ ተቆጣ። ምትክ ፈራሚ የሚላከው ከበዓል በኋላ ነው ተባለ። በዓሉ ደግሞ እዚያ የሚጀምረው ነገ ነው። በአንዲት ጨረቃ መስማማት ያቃታቸው ወንድማማቾች በወይን ሊስማሙ ኖሯል!

«ገዳዩን ያዝክልኝ፣ አላህ ይስጥህ» አሉ ሐጂው። «ፈራሚስ ከየት ልውለድ?»

ሐጂው ስልካቸውን አውጥተው ወደ ሹፌሮቹ ደወሉ።

«ፍሬውን ለፍየሎቹ አራግፉት። እነሱ እንኳ በአንድ ቀን ኢድ ያክብሩ።»