ለሔራን ተጸለየ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቡታጅራ፣ እነ ሔራን ሳሎን ውስጥ የቤት ኅብረቱን የሚመራው ወንድም ባልቻ፣ ጎረቤታቸው እህት ትርንጎ፣ ሌሎች አራት ምእመናን፣ የሔራን እናት መሰለችና ራሷ ሔራን ነበሩ። አባቷ ስምዖንም ነበር፤ እሱ ግን ጓዳ ውስጥ ነው፣ በሩ ከውጭ ተቀርቅሮበት።

«ባለቤቴ ለሥራ ወልቂጤ ሄዷል» አለች መሰለች፣ ምስክርነት ልትሰጥ ተነሥታ። «መጠጡን ከተወ ሦስት ወሩ ነው። ጌታ ይባረክ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም።

ሔራን ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተከለች። ጠዋት የአባቷን ትውከት ያጠበችው እሷ ናት። እናቷ አጠገቧ ቆማ «ቶሎ በይ» ስትላት ፊቷ ላይ አንዳች ነገር አልነበረም። መሰለች ማልቀስ ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል። ለባሏ የእንጨት ሥራ ደንበኞች «ታይፎይድ ይዞት ነው» ትላለች፤ ለዘመድ «ሥራ በዝቶበት»። አንድ ቀን ሔራን «ለምን ትዋሺያለሽ?» ብትላት፣ «ሰው ‹ደህና ነሽ› ሲለኝ ደህና እሆናለሁ። ሌላ መድኃኒት ካገኘሽልኝ አምጪ» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

የጓዳው በር ተንኳኳ። «መሱ፣ ውሃ።»

መሰለች መዝሙር አነሣች። ሰዎቹም እያጨበጨቡ ተቀበሏት።

«ባልቻ» አለ ስምዖን ከውስጥ፣ መዝሙሩ ሲያልቅ፣ «ድምፅህ ዛሬም ያልተሞረደ መጋዝ ነው።» ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። «ሔሪዬ፣ አንቺስ ውሃ አትሰጪኝም? ጉሮሮዬ ተቃጠለ።»

 እህት ትርንጎ የመጽሐፍ ቅዱሷን ዚፕ ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ማነው እሱ?» አለ ባልቻ፣ እያወቀ።

«ከጀርባ ያሉት ተከራዮች ናቸው» አለች መሰለች። ፈገግታዋ ንቅንቅ አላለም።

ባልቻ ወደ ሔራን ዞረ። «እንደዚያ ነው የኔ ልጅ?»

እናቷ አየቻት። አስተያየቷ ልመናም ማስፈራሪያም ነበረው። 

«አባባ ነው» አለች ሔራን። «ወልቂጤ አልሄደም።»

 መሰለች በሽተኛ እንደሚያስታምም ሰው የልጇን ራስ ዳበሰች። «ይኸው ነው እንግዲህ። የአባቷ መራቅ ከብዷት ይሁን አላውቅም፣ የሌለ ነገር ይሰማታል። ኀፍረት ይዞኝ ደብቄያችሁ ነበር። ጸልዩላት።»

ሔራን ባልቻን አየችው። ድምፁን በጆሮው ሰምቷል፤ ሁሉም ሰምተዋል። ባልቻ ግን ተነሥቶ እጁን ግንባሯ ላይ ጫነ። ትርንጎም ትከሻዋን ያዘች። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ ፍታት» እያሉ ጮኹ፤ ከጓዳው «ውሃ» የሚለው ድምፅ በጩኸታቸው ተዋጠ። ከተጫኑባት እጆች ሁሉ የእናቷ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህንን ያወቀች ሔራን ብቻ ናት።

ጎንበስ ብላ ከእጆቹ ሥር ወጣች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የውሃ ጆግ አነሣች።

«ሔራን» አለች መሰለች፣ አሁንም ፈገግ እንዳለች፣ «ብትከፍቺው እናት የለሽም።»

ሔራን መቀርቀሪያውን ሳበችው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ኅብረቱ በወንድም ባልቻ ቤት ተደረገ። ለእነ ሔራን የነገራቸው ስላልነበረ፣ መሰለች ወንበሮቹን ደርድራ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቀች።