ንፋስ አይደለም፣ አንተ ነህ

በዚያ ሰኔ ደሜ ሳይፈላ የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከልብስ ስፌት ፋብሪካው የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ መንደር የመጣሁት እናቴን በሩዝ ተከላ ላግዛት ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚሰጡን። ከብስክሌቴ ሳልወርድ ገና ከሩቁ አየሁት፤ ማሳችን በፈረንጅ ተሞልቷል።

ያመጣቸው ቪን የሚባል የከተማ ሰው ነው። በጎ ፈቃደኞች ናቸው አሉ፤ የገጠሩን ኑሮ ሊቀምሱ፣ ገበሬውን ሊረዱ ከየአገራቸው የመጡ። ጠዋት ጭቃ ውስጥ ገብተው ይሳሳቃሉ፣ ይወድቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ችግኙንም እንዳሻቸው ይሰኩታል። አንዱ እስከ አንገቱ ተቀብሯል፣ አንዱ ተንጋዷል፣ አንዱ ሥሩ ወደ ሰማይ ነው። ቀትር ላይ ምሳቸውን በልተው ሲተኙ እኛ ሴቶቹ ከየቤታችን ወጥተን የተከሉትን እየነቀልን እንደገና እንተክላለን። ማታ ዞር ዞር ሲሉ ማሳው ቀጥ ብሎ ይጠብቃቸዋል። «እንዴት ያምራል!» ይላሉ።

«ለምን አንነግራቸውም?» አልኳት እናቴን በሦስተኛው ቀን፣ ወገቤን ይዤ።

«እንግዳ ፊት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።»

«ሁለት ጊዜ የተነቀለ ችግኝ ይጠወልጋል እኮ! ዓመቱን የምንበላው ይኼን ነው!»

«አንቺ ቶዋ፣ አፍሽን ዘግተሽ ትከዪ! ምላስሽን እንደ ማጭድ አንጠልጥለሽ አትምጪብኝ!»

እናቴ በጨዋነቷ መንደሩ የመሰከረላት ሴት ናት። ለሰው ሁሉ ፈገግ ትላለች። የምትሳደበው የራሷን ሰው ብቻ ነው፤ ሟቹን አባቴን እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ስትጮህበት ነው የኖረችው፣ አክስቴ ሜንን ጠዋትና ማታ ትሰድባታለች፣ የኔ ድርሻማ ተነግሮ አያልቅም።

በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ ከፈረንጆቹ አንዱ ባርኔጣውን ረስቶ ኖሮ ተመለሰ። ረጅም፣ ጆሮው በፀሐይ የተላጠ ልጅ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ ስድስት ሴቶች እሱ ጠዋት የተከለውን ስንነቅል ያዘን።

«ምንድን ነው የምታደርጉት?»

በእኛው ቋንቋ! ክው ብለን ቀረን። አምስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ቆመን ስለ እነሱ ያላወራነው ነገር አልነበረም። ለካስ ይኼኛው፣ ማቴይ የሚባለው፣ ቼክ አገር ያደገው የእኛ አገር ሰዎች ከከፈቱት ሱቅ በላይ ባለ ፎቅ ነው፤ ቋንቋውን የተማረው ከባለሱቁ ልጆች ጋር ኳስ ሲራገጥ ነው።

«ንፋስ ነቅሎት ነው እኮ» አለች እናቴ ፈገግ ብላ። «ይሂዱ ይረፉ፤ ፀሐዩ ይጎዳዎታል።»

ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ እንኳ አልነበረም።

«ንፋስ አይደለም» አልኩ ቀና ብዬ። «አንተ ነህ።»

እናቴ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። የልጁ ፊት ከጆሮው ብሶ ቀላ።

«ለአባቴ ፎቶ ልኬለታለሁ» አለ። «ይኼን የተከልኩት እኔ ነኝ ብዬዋለሁ!»

«የተከልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ቀን ነበረኝ፤ አምስቱን በላኸው።»

«ቀልዳችሁብኛል! ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንግዳ ነሃ!»

«ማን እንግዳ ልሁን አለ?»

«ማንስ ና እርዳን አለህ?»

ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማሳው ዳር ብቻውን ቆሞ አገኘሁት።

«አሳዪኝ» አለ በቁጣ።

«ጊዜ የለኝም» አልኩ በቁጣ። ግን አሳየሁት።

«ሦስት ችግኝ ብቻ! ይኼ ምንድን ነው፣ መጥረጊያ ልትሠራ ነው? ... በአውራ ጣትህ ጫን። ጫን አልኩ እንጂ ቅበረው አልኩህ?»

ያበላሸውን እየነቀልኩ ደረቱ ላይ እወረውርለታለሁ። እሱም ዝም አይልም።

«ሰው እንዲህ ተብሎ አይማርም!»

«እኔ እንዲህ ተብዬ ነው የተማርኩት።»

«ማን አስተማረሽ?»

«እናቴ።»

«እሷ? እሷ እኮ ማር ናት!»

«ለአንተ ነዋ!»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ባቱ ላይ አልቅት ተጣብቆ አየሁ። ሌላው ፈረንጅ ቢሆን መንደሩን በጩኸት ያናውጠው ነበር። እሱ ግን ስድቤን እየጠበቀ ዝም ብሎ አየኝ። ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ፈለቀቅኩለት። ከዚያ እጄን ማንሣት ረሳሁ። እሱም እግሩን ማንሣት ረሳ። ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ሞቅ ብሎ ቆሟል።

«ችግኙ ብቻውን አይተከልም!» ብላ አክስቴ ሜን ከማዶ ስትጮህ ነው የነቃነው።

ተናደድኩ፤ በራሴ ነው የተናደድኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከመንደሩ ወንድ ሁሉ ጋር ስጣላ ኖሬ፣ አሁን አንድ ጆሮው የተላጠ ልጅ አጠገቤ ሲያልፍ ልቤ ቀጥ ይላል! ደግሞ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። በእኛ ወግ «ታላቅ እህቴ» ብሎ ነው የሚጠራኝ፤ መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የሚለኝ። በዘጠነኛው ቀን «ቶዋ» ብቻ አለኝ። ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

በአሥረኛው ቀን ቀበሌው አዳራሽ ስንብት ተደረገላቸው። ሊቀመንበሩ አመሰገነ፣ ቪን አስጨበጨበ። በእነዚህ ወጣቶች እጅ ስለተተከለው ሩዝ ብዙ ተባለ። እናቴና ሌሎቹ ሴቶች ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው የፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማቴይ ተነሣ።

«እኛ የተከልነው የለም» አለ። «ሁሉንም እነዚህ ሴቶች ናቸው የተከሉት፣ ቀትር ላይ፣ እኛ ተኝተን። ቪንም ያውቃል። ይቅርታ ልንጠይቃቸው ይገባል።»

በእኛ ቋንቋ ተናግሮ ሲያበቃ ለጓደኞቹ በእነሱ ቋንቋ ደገመው። አንዲቱ ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ቪን ፊቱ ዱቄት መሰለ። ሴቶቹ ደግሞ አንገታቸውን ደፉ። ይቅርታ የሚጠየቁት እነሱ ሆነው ሳለ መሬት ብትከፈት የሚገቡትም እነሱ ነበሩ፤ ለእንግዳ ዋሽተው፣ ውሸታቸው ሊቀመንበር ፊት ተዘረገፈ።

ውጭ ያዝኩት። ክንዱን እስኪያመው ጨምቄ ያዝኩት።

«ማን ተናገር አለህ?»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት!»

«የኔን እውነት ነው የተናገርከው! ላንተ ብቻ የነገርኩህን! አንተ ነገ ትሄዳለህ። እናቴ ግን እዚሁ ናት፣ እነዚህ ሰዎች መሃል!»

ጥፋቱ ያን ጊዜ ነው የገባው። ቀስ ብሎ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት።

«እመለሳለሁ» አለ።

«ለምን?»

ብቻ አየኝ። እኔም ክንዱን አልለቀቅኩም፤ ሰው እስኪመጣ ድረስ እንደዚያው ቆምን።

በማግስቱ ሲሄድ እናቴ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችውን የሩዝ ቂጣ በሁለት እጇ ሰጠችው። «መልካም መንገድ ይሁንልዎ። መንደራችንን አይርሱ።» ፊቷ ላይ ፈገግታ እንጂ ሌላ የለም። አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። በሩን ዘጋችበት ማለት ነው።

ቪን ሌላ ቡድን አላመጣም። መንደሩ ያኮረፈው ግን እሱን አይደለም፤ እናቴን ነው፤ ምስጢሩን ያወጣችው ልጇ ናትና። በአጨዳ ጊዜ አክስቴ ሜን ካልሆነች በቀር አጋዥ አልመጣልንም። እናቴ ያኮረፏትን ሁሉ ፈገግ ብላ ሰላም እያለች፣ እሑድ እሑድ ከፋብሪካ ስመጣ በእኔ ላይ ታወርደዋለች። እኔ ደግሞ በስልክ በማቴይ ላይ አወርዳለሁ። እንዲህ እየተጣላን ዓመቱ አለፈ። አንድ ቀን ሳንጣላ ስልኩ ከተዘጋ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

በዓመቱ፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ እኔም ፈቃዴን ወስጄ ቤት ሳለሁ መጣ። ያለ ቪን፣ ያለ ማኅበር፣ አውራጃ ከተማው የቋንቋ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥራ ይዞ፣ ለብቻው። አክስቴ ሜንን ሽማግሌ አድርጎ፣ በወጋችን የሚቀርበውን የሚታኘክ ቅጠልና ፍሬ በትሪ ላይ ደርድሮ፣ በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ ቤታችን ገባ። የልጅቱ ወገን ጨርቁን ከገለጠ እሺ ነው።

«የቶዋ እናት» አለች አክስቴ፣ «ይኼ ልጅ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ዘመዱ እኔ ነኝ። ልጅሽን ይፈልጋል። ምን እንደሚያደርጋት አላውቅም፣ ግን ይፈልጋል።»

እናቴ ትሪውን ዞር ብላም አላየችው።

«ከሩቅ ነው የመጡት፣ ደክሞዎታል» አለችው ለማቴይ። «ይብሉ እንጂ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ።» የዳክዬውን ጭን መርጣ ሳህኑ ላይ አደረገችለት።

ከሥራ መልስ በየቀኑ ይመጣል። በየቀኑ ምንጣፍ ይነጠፍለታል፣ ሻይ ይቀዳለታል፣ ትልቁ ዓሣ ለእሱ ይሰጣል። ትሪው እንደተሸፈነ መደርደሪያው ላይ ይደርቃል። በአሥረኛው ቀን ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«እምቢ ካልሽ እምቢ በይው!»

«ምን አደረግኩት? አበላሁት፣ አጠጣሁት።»

«ስደቢው! እንደ ሰው ቁጠሪውና ስደቢው!»

«እንግዳ አልሳደብም።»

«እሱን ካልሆነ ማንንም አላገባም።»

«አታግቢያ! ማን አግቢ አለሽ፣ አንቺ ደረቅ! አባትሽን የመሰልሽ!»

ተነሥቼ ብሄድ እችል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሥራ አለኝ። ግን መንደሩ ያኮረፋት በእኔ ምላስ ነው፤ ብቻዋን ጥያት ብሄድ የምበላው አይወርድልኝም። እሷ ትሪውን ሳትገልጥ ከዚህ ቤት ተድሬ አልወጣም ብዬ ለማቴይ ነገርኩት። «ባትገልጠውስ?» አለኝ። «እንግዲያው አልወጣም» አልኩት። ዓይኑ ሲሞላ አየሁና ዞር አልኩ፤ የእኔም እንዳይፈስ ፈራሁ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ያን ሰሞን እናቴ ዘሩን ነክራ፣ አብቅላ፣ ጓሯችን ባለው የጭቃ መደብ ላይ በትናለች። ለዚያ ክረምት የሚሆነን ችግኝ በሙሉ እዚያ ነው። ዘር በተበተነ ሰሞን ዳክዬ ተዘግቶ ይውላል፤ ይኼን እኛ ዘንድ ገና የሚድህ ሕፃን ያውቀዋል። ማቴይ ግን አያውቅም። ማለዳ ሲመጣ ዳክዬዎቹ በረታቸው ውስጥ ሲንጫጩ ሰማና አሳዘኑት። የረሳናቸው መስሎት፣ ሊያግዘን ብሎ ከፈተላቸው።

ስወጣ አርባ ዳክዬዎች መደቡ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። ማቴይ እጁን ዘርግቶ ወዲያና ወዲህ ይራወጣል፤ በተራወጠ ቁጥር ከዳክዬ የተረፈውን በእግሩ ይጨፈልቀዋል።

እናቴ መጥረጊያ ይዛ ከኩሽና ወጣች። መደቡን አየች። ዳክዬዎቹን አየች። ከዚያ እሱን አየችው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ አንዲት ዳክዬ በብብቱ አቅፎ።

ከንፈሯ ለፈገግታ ሲዘጋጅ አየሁት። ምንም አይደል ልትል ነው። ይረፉ፣ ሻይ ይጠጡ ልትለው ነው፤ ካለችው አበቃልን።

«ምንም...» አለች።

ቀጥላ መናገር አቃታት። አንዷ ዳክዬ እግሯ ሥር መጥታ የበቀለውን ዘር ቆርጠም አድርጋ ዋጠች።

«አንተ!» አለች እናቴ። «አንተ እንጨት! ዓይን የለህም? ጆሮ የለህም? ማን ክፈት አለህ? ማን እርዳን አለህ?» መጥረጊያው ትከሻው ላይ አረፈ። «አምና ከጎረቤቶቼ ሁሉ አጣላኸኝ! ዓመት ሙሉ ልጄን በስልክ ስታስለቅስብኝ ከረምክ! አሥር ቀን ዓሣዬን በልተህ ጨረስክ! አሁን ደግሞ ዘሬን ለዳክዬ! ከጭቃው ውጣ፣ እየረገጥከው ነው፣ በሬ!»

ጎረቤቶች በየአጥራቸው ብቅ ብቅ አሉ። ዓመቱን ያኮረፉን ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። የቶዋ እናት ፈረንጅ ስትገርፍ! ማቴይ ጭንቅላቱን በአንድ እጁ ከልሎ፣ ዳክዬዋን ሳይለቅ፣ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ በጭቃ መሃል ያበራ ነበር።

«ምን ትስቃለህ?» አለች እናቴ። «ሩጥ! ከቦዩ ማዶ ያለችው ሴትዮ አብቅላ የተረፋት ዘር አላት። ለምናት!»

«ማን ላከህ ብትለኝስ?»

«ምን ዓይነት ደደብ ነው የጣለብኝ! የቶዋ እናት አማች ነኝ በላታ!»

ዳክዬዋን እጄ ላይ ጥሎልኝ ሮጠ። ጫማ እንኳ አላደረገም። እኔ የመደቡ ጠርዝ ላይ፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«አንቺስ ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ፣ መጥረጊያውን ወደ እኔ አዙራ። «ዳክዬዎቹን አታባርሪም?»