በባለ ጥርስ ጎማ ሦስት መቶ ኪሎሜትር

የጭነት መኪናው በአፍንጫው ጭቃው ውስጥ ተደፋ። ሾፌሩ ማርሹን ወደ አንድ መልሶ መሪውን አንቆ ያዘ። ዝናቡ መስታወቱ ላይ በባልዲ የሚደፋ ይመስላል፤ ከኋላ የታሰረው የውኃ ፓምፕ ሰንሰለቱን እየጎተተ ይንቋቋል።

«አትቁም! ከቆምክ እዚሁ ትበቅላለህ!» ስትል ዋርሳው ጮኸች።

ዋርሳው የሚስቱ ታላቅ እህት ናት፤ ሙያዋ ጎሚስታ። የመኪናውን ለስላሳ ጎማዎች አውልቃ ትልልቅ ባለ ጥርስ ጎማዎች የገጠመችው እሷ ናት። ጭቃው ጋ ሲደርሱም መሬቱን እንዲቆነጥጡ ብላ ከአየራቸው አስተነፈሰች። ሾፌሩ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ማን ያስተምረኛል ባይ ግትር ነው። ዛሬ ግን ያለችውን ተቀበለ። ሚስቱ ከሜዳው ማዶ ባለችው መንደር አዋላጅ ናት፤ የመንደሩ ብቸኛ ጉድጓድ ፓምፕ ተቃጥሏል፤ በበርሜል የቀረው ውኃ ከዛሬ ማታ አያልፍም። ሦስት ሴቶች ደግሞ ቀናቸው ደርሷል።

ጥርሶቹ ጭቃውን ቧጠጡ፣ ማሱ፣ ወደ ኋላ ወረወሩት። መኪናው አቃስቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ደረቅ ኮረኮንች ነው። እዚያ ላይ ጎማዎቹ መጮኽ ጀመሩ፤ ጋቢናው ወፍጮ ቤት ሆነ። ዋርሳው አየር እንሙላ እያለች ወደ ጆሮው ጮኸች። እሱ ምንም አልሰማም፤ ጎማዋን የምታሞግስ መስሎት ራሱን ነቀነቀና ነዳጅ ረገጠ። ሁለቴ ደገመችው፣ ሁለቴ ነቀነቀ። በግትር ሰው ላይ ድምፅ አላባክንም ብላ ተወችው።

የጎሽ መንጋ ኮቴም በዚያው ጩኸት ሳይሰማ ቀረ። ኩርባውን ሲዞር መንጋው መንገዱን ሞልቶታል። አንዱ ኮርማ ተንደርድሮ መጣና በሩን በቀንዱ ወጋው።

«ወደ ቁጥቋጦው ጠምዝዝ!»

«እሾኽ ነው እኮ!»

«ለእሾኽ አይደል የገዛነው!»

ጠመዘዘ። እሾኹ ከጎማዎቹ ስር እየተሰበረ ተንጣጣ፤ አንድም ጎማ አልፈነዳም። ኮርማው ጥቂት ተከትሎ ተመለሰ።

ራቅ ብለው ቆሙ። ሾፌሩ የተወጋውን በሩን ለማየት ሊወርድ ሲል የነዳጁን ቀስት አየ፤ ቀዩ ላይ ተኝቷል።

«ናፍጣዬን በላሽው! በድሮው ጎማ አንድ ሙሉ ታንክ ሦስት መቶ ኪሎሜትር ነድቼበት ይተርፈኝ ነበር!»

«ባለ ጥርስ ጎማ ጠጪ ነው። አየሩ ሲጎድል ደግሞ ይብስበታል። እንሙላ ስልህ ራስህን ነቀነቅክልኝ!»

«ጎማሽን የምታሞግሺ መስሎኝ ነዋ!»

ልትቆጣ አስባ ሳቅ አመለጣት። እሱ አልሳቀም። ቆጣሪው ሁለት መቶ ስድሳ አራት ይላል፤ ሠላሳ ስድስት ይቀራል ማለት ነው። የቀረችው ናፍጣ ከአሥራ አምስት ኪሎሜትር በላይ አታስኬድም። ማደያው ከኋላቸው ሃያ ኪሎሜትር ነው። ሚስቱን አሰበና ፈራ።

«እዚሁ ሆነን መኪና እንጠብቅ» አለ።

ዋርሳው ግን ቆጣሪውን ትክ ብላ አየች፤ ከዚያ ወርዳ ጎማውን በሜትር ለካች።

«ስማኝ። ይሄ ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ከድሮው በአሥር በመቶ ይበልጣል። ቆጣሪህ የሚያውቀው የድሮውን ነው፤ መቶ ሲልህ መቶ አሥር ሄደናል። አሁን ሁለት መቶ ዘጠና ላይ ነን። የቀረን አሥር ብቻ ነው።»

ሃያ ዓመት ያመነው ቆጣሪ ነው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«የምሄደው ለእህቴ ነው እኮ!»

በባትሪ የሚሠራውን ኮምፕሬሰር አውርዶ ራሱ ጎማዎቹን ሞላ፤ እሷ ልኩን ትነግረዋለች። ከዚያ ነዳጁን እየቆጠበ፣ በቀስታ ነዳ። አንድ ጉብታ አለፉ። ሌላ ጉብታ። ሦስተኛው ላይ የመንደሩ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ብልጭ አሉ፤ ሞተሩም ሁለቴ ስሎ ጠፋ።

ዘሎ ወረደ። ለእርዳታ ሊሮጥ ሲል ሰዎች መንገዱን ሞልተው፣ የእጅ ጋሪ እየገፉ ሲመጡ አየ። ሚስቱ ከፊት ናት።

«ማን ነገራችሁ?» አለ።

«ጎማችሁ! ከሩቅ ሲያጓራ መጀመሪያ ነጎድጓድ መስሎን ነበር።» እህቷንም እሱንም ባንዴ አቀፈች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፓምፑ ተገጠመ። ውኃው ደፍርሶ ወጣ፣ ከዚያ ጠራ። አዋላጇ እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ፣ ምጥ ወደያዛት ሴት ሮጠች። ሾፌሩ ደስታው እንባ ሆኖበት ፊቱን በዚያው ውኃ ታጠበ።

በማግስቱ ናፍጣ ከመንደሩ ጄኔሬተር ተበድረው ጋቢናው ውስጥ ተቀመጡ። ሾፌሩ ቁልፉን ሰክቶ ሊያስነሳ ሲል ተወው።

«እትዬ፣ መንገድ ላይ ያልሰማሁሽ ሌላ ምን ነበር?»

«ብዙ ነው። አያልቅም።»

ቁልፉን ነቅሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«እሺ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለ።