ከማቋረጫው ላይ አልነሣም

መሐንዲሷ ሞታ የተገኘችው ራሷ ባሠራችው የእግረኛና የብስክሌት ማቋረጫ ላይ ነው። ማጅራቷ ተፈንክቷል፤ ብስክሌቷ ከጎኗ ተጋድሟል። ወሬ መቼም ዜብራ አይጠብቅም፤ ፀሐይ ሳትወጣ ከተማውን አዳረሰው። «መኪና ገጭቷት አመለጠ። በገዛ ሥራዋ ሞተች» ተባለ።

የመንገድ ቢሮው ኃላፊም ለሐዘን አልተቀመጠም። «ሠሪዋን የገደለ ማቋረጫ ማንን ይምራል? እኩለ ቀን ላይ ይፈርሳል» አለና ሎደር ላከ። ሎደሩ ሲደርስ ግን የሟች ታላቅ እህት ፖሊስ ካጠረው ገመድ ሥር፣ አዲሱ ቀለም ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ እንኳ ከአንገቷ አልወረደም።

መርማሪዋ የመጣችው ያኔ ነው። ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል፤ እንክርዳድ ስለማታሳልፍ።

«እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ጥላ ሥር ሆነን እንነጋገር።»

«አልነሣም። እናታችንን መኪና የገደለብን እዚሁ ነው። እህቴም መሐንዲስ የሆነችው ለዚህች ቦታ ስትል ነው። ማፍረስ ከፈለጉ ከእኔ ጋር ያፍርሱት።»

«እንግዲያው እኔ ልቀመጥ» አለችና ወንፊት አጠገቧ ቁጭ አለች።

«መንገዱን ከፍ ያደረገችው መኪና ሳይወድ በግድ እንዲያዘግም ነው። የብስክሌቱን መስመር ከመታጠፊያው ያራቀችው ደግሞ፣ ሹፌሩ ታጥፎ ሲጨርስ ብስክሌተኛውን ፊት ለፊት እንዲያየው ነው። ይሄ ነው ሰው የሚገድለው?»

ወንፊት ከፍታውን አየችው። በፍጥነት የመጣ መኪና እዚህ ላይ ሆዱን ይፍቃል፤ አስፋልቱ ላይ ግን ጭረት የለም፤ የመብራት ስብርባሪም የለም።

«ቀለሙ መቼ ተቀባ?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ። ሳይደርቅ ደቃቅ የመስታወት ፍሬ ይበተንበታል፤ ማታ እንዲያበራ። አይ እሱ መስታወት! ቀለም ባስቀባች ቁጥር በጫማዋ ይዛው ትገባለች፤ ወለሉ ሲያብለጨልጭ ያድራል፣ እኔ ስጠርግ እውላለሁ። በስንቱ ተጨቃጨቅን። ትናንትማ ቀለሙ ጋ አልነበረችም። ኃላፊው ጠርቷት ቢሮ እንዳመሸች ቀረች።»

ወንፊት ተነሥታ ሬሳውን የሸፈነውን አንሶላ ገለጠች። የሟችን ጫማ ሶል፣ ቀጥሎም የብስክሌቱን ጎማ በጣቷ ዳበሰች። ጣቷ ንጹሕ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የነዳጅ ማደያ ባለቤት መኪናው አጠገብ ቆሟል። የመኪናው ፊት ተጨርምቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ መቼ ተጋጨ?»

«ባለፈው ወር፣ ከገዛ አጥሬ ጋር። አውቃለሁ፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። መግቢያዬን አጥብባብኛለች፤ ማቋረጫዋን እጠላዋለሁ፤ በየቀኑ ፊት ለፊት እንሰዳደብ ነበር። እንደኔ የሚጮህ ሰው ግን ከጀርባ አይመጣም።»

ኃላፊውን ቢሮው አገኘችው። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥቁር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ ወንፊት ሳትረግጠው በሩ ላይ ቆመች።

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«አነጋግሬያት በጊዜ ቤቴ ገባሁ። ማቋረጫውንማ ረግጬው አላውቅም፤ በመኪና ነው የማልፈው።»

ወንፊት አመስግና ወጣች። እህትየውን ወደ ኃላፊው ቢሮ ለማምጣት ግን ጣጣ ሆነ፤ «ከተነሣሁ ያፈርሱታል» አለች። በመጨረሻ አንድ ረጅም ፖሊስ በቦታዋ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠላት። ባለማደያውም ተጠራ። ቢሮው በር ላይ ወንፊት የራሷንም የእህትየውንም ጫማ አስወለቀች።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ባጭሩ ይሁን።»

«ባጭሩ፣ መኪና አልገጫትም። ከፍታው ላይ ጭረት የለም። ብስክሌቷ አዲስ ቀለም መሐል ወድቋል፤ ጎማው ላይ ግን አንዲት የመስታወት ፍሬ የለችም። ጫማዋም ላይ የለችም። ስለዚህ እዚያ በእግሯም በብስክሌቷም አልደረሰችም። ሬሳዋንም ብስክሌቱንም የተሸከመ ሰው አለ። እሱ ግን መሬት ረግጧል።»

ባለማደያው ማንም ሳይጠይቀው ሁለት እግሩን አነሣ። «እኔን እዩኝ።» ሶሉ ነዳጅ እንጂ ምንም አልነካውም።

ወንፊት መጋረጃውን ዘጋች። ባትሪዋን አብርታ ምንጣፉ ላይ ዝቅ አደረገችው። ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ጀርባ፣ እስከ ወንበሩ ሥር፣ የጫማ ዱካ ብልጭ ብልጭ አለ።

«ከእናንተ እግር የመጣ ነው» አለ ኃላፊው።

«እኛ ባዶ እግራችንን ነን። ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባም ከእርስዎ በቀር የሚቀመጥ የለም። ረግጬው አላውቅም ብለዋል፤ እስቲ ጫማዎን ያንሡ።»

አላነሣም። መንገድ አሠሪ ነኝ እያለ ስንት ዓመት ኖረ፤ ቀለሙ ላይ ምን እንደሚበተን ግን ወርዶ አላየም።

«ማቋረጫው መኪና ያዘገያል ብለው ከበላይ አስጨነቁኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ይፍረስ በይ አልኳት፤ እምቢ አለች። እዚሁ ቢሮው ደረጃ ላይ ገፋኋት። እንድትሞት አልፈለግሁም።»

«ከሞተች በኋላስ?» አለች እህትየው። «ሥራዋን በሬሳዋ ልታስፈርስ ነበር። እሷ እምቢ ብላለች፤ እኔም እምቢ ብያለሁ።»

ሎደሩ ባዶውን ተመለሰ። ረጅሙ ፖሊስ ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ። ኃላፊውን የጫነው የፖሊስ መኪና ማቋረጫው ጋ ሲደርስ እህትየው ልትሻገር አንድ እግሯን አነሣች። ሹፌሩ ቆመ። መሐል ላይ ስትደርስ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፤ በመስኮት የሚያያትን ሰው እያየች ቀስ ብላ ጠቀለለችው፤ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።