የሚናከሰው ሳሙና

ባለቤቴ ከሞተች አምስት ሳምንት ሆኗት ነበር።

ልጆች፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ልጄ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ጠብታ ትላት ነበር፤ ገና ስትድህ ጀምሮ ሻማ ከምሠራበት ጠረጴዛ ሥር የሰም ጠብታ እየለቀመች እጇን ትሞላ ስለነበር ነው። ቤታችን ከፊት ትንሽ መሸጫ አለው፣ መሀል ላይ የምንሠራበት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች። ይህን ታሪክ እንድነግራችሁ ጠብታ ፈቅዳልኛለች። «ማልቀሴን ግን አታብዛው» ብላኛለች። አላበዛውም።

እኔ ሻማ እሠራለሁ። ሳሙናው የእናቷ ሥራ ነበር። ሳሙና እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ዘይት ኮስቲክ ሶዳ ከሚባል ነገር ጋር ይዋሃዳል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ያቃጥላል፤ ልጅ አይነካውም። ውህዱ ሣጥን ውስጥ ፈስሶ ሲጠነክር በሽቦ ይቆረጣል። ከዚያ መደርደሪያ ላይ ስድስት ሳምንት ይቀመጣል። ምንም አይደረግለትም፤ ይጠበቃል እንጂ። አዲስ ሳሙና ይለበልባል። ስድስት ሳምንት የቆየ ሳሙና ግን ለአራስ ሕፃን ገላ እንኳ ይስማማል።

ችግሩ፣ አዲሱም የቆየውም ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። ስለዚህ በየመደርደሪያው ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ እንሰቅላለን። ሳሙናው የተቆረጠበት ቀን እዚያ ላይ በጠመኔ ይጻፋል።

በላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው የእናቷ የመጨረሻ ሳሙና ነበር። ነጭ ነው፤ ካሞሚል የሚባለው አበባ ይሸታል። ቆርጣ ደረደረችው፣ ቀኑን ጻፈች፣ በማግስቱ ሆስፒታል ገባች። በታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው ደግሞ የእኔ ነው። የእሷን ደብተር እያየሁ ያንኑ ነጭ የካሞሚል ሳሙና ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው፤ ገና አራት ቀኑ ነበር።

አርብ ዕለት እራት ላይ ለጠብታ የእናቷ ሳሙና ነገ እንደሚደርስና እንደሚሸጥ ነገርኳት። ምግቧን በላች። ሳህኗን አጠበች። ከዚያ እኔ መሸጫው ውስጥ ሻማዎቹን በወረቀት ስጠቀልል፣ እሷ ወንበር ላይ ወጥታ ሁለቱን ሰሌዳዎች አወረደች።

ጽሑፉን ልታጠፋው ነበር። ጨርቁን ይዛለች። ግን የእናቷ እጅ ጽሑፍ ነው፤ እጇ እምቢ አላት። ስለዚህ አላጠፋችውም፤ ሰሌዳዎቹን አቀያየረቻቸው። የላዩን ከታች፣ የታቹን ከላይ። የእናቷ ሳሙና አዲስ ተባለ፤ የእኔ አዲስ ሳሙና የደረሰ ተባለ።

ልጆች፣ ጠብታ ክፉ ልጅ አይደለችም። ስለሚቀረው ሳሙና ብቻ አሰበች። በእሱ ፈንታ ስለሚሄደው አላሰበችም።

ቅዳሜ ጠዋት ሻማ ላደርስ በጊዜ ወጣሁ። መሸጫው ውስጥ እህቴ ነበረች። እህቴ ደግ ናት፤ ግን ለሳሙና ሥራ እንግዳ ናት። ሰሌዳው ያላትን ታምናለች። ጠብታ አጠገቧ ተቀምጣ የሻማዎቹ ማሰሪያ ላይ ክር ትቋጥራለች።

የመንታዎቹ አያት መጡ። በመንገዱ ጫፍ ካለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ልጃቸው መንታ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። እህቴ መንታዎቹ እንዴት እንደሆኑ ጠየቀቻቸው።

«ተመካክረው ነው የሚያለቅሱት» አሉ። «አንዱ ሲደክመው ሌላው ይረከበዋል።»

ከዚያ የካሞሚሉን ሳሙና ጠየቁ። ወደ ጠብታም ዞሩ። «እናትሽ ናት፣ ሲወለዱ ይደርስላቸዋል ያለችኝ። ለእነሱ ብላ ነው የሠራችው። ዛሬ ረፋዱ ላይ እናጥብበታለን።»

ጠብታ ይህን አታውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር።

እህቴ ወደ ውስጥ ገባች። ጣቷን ሰሌዳዎቹ ላይ አድርጋ ቀኑን አነበበች፤ ከታችኛው መደርደሪያ አራት ሳሙና አንስታ ጠቀለለች።

«አክስቴ» አለች ጠብታ።

«ወይ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

ይህቺን «ምንም» ታውቋታላችሁ አይደል? እኔም አውቃታለሁ። ብዙ ነገር ከኋላዋ ይደበቃል።

አያትየዋ ሄዱ። ጠብታ ለራሷ ምክንያት መደርደር ጀመረች። ምናልባት በሌላ ሳሙና ያጥቧቸው ይሆናል። ምናልባት ይህ ሳሙና አይለበልብም ይሆናል። ይህን ለማወቅ ከእኔ ሳሙና ፍርፋሪ አንስታ፣ እርጥብ የእጇ አንጓ ላይ አሸችው። ለበለባት። ቆዳዋ ቀላ። የስምንት ዓመት ልጅ ቆዳ እንዲህ ከሆነ የሦስት ሳምንት ሕፃን ገላ እንዴት ይሆናል?

ስመለስ እጇን ቧንቧ ሥር አድርጋ ቆማ አገኘኋት። ምን እንደነካት ጠየቅኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ፣ ሰሌዳዎቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። ያንተን ሳሙና ለመንታዎቹ ወስደውታል። ሊያጥቧቸው ነው።»

ባዶውን የሻማ ሣጥን እዚያው ጣልኩት። ሮጥን። መንገዱ ላይ ቀደመችኝ፤ ደረጃው ላይ ደግሞ ጨርሶ ጠፋችኝ። እኔ ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ ድምፅዋን ከላይ ሰማሁት።

«እማማ፣ ተዉት። ሳሙናው አልደረሰም። ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። እማዬ የሠራችው እንዲሄድብኝ አልፈለግኩም።»

ስገባ አንዱ ሕፃን ልብሱ ወልቆ ፎጣ ላይ ተኝቷል። የሳፋው ውኃ ይተናል። አያትየዋ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወረቀቱን ሊፈቱ ይዘውታል። ሳሙናው ግን ገና ውኃ አልነካም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደርሰናል።

አያትየዋ እውነት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሳሙናውን ተቀብዬ በምላሴ ጫፍ ነካሁት። ሳሙና ሠሪ የሚፈትነው እንዲህ ነው፤ ያልደረሰ ሳሙና ምላስን እንደ ባትሪ ይነዝራል። እናንተ እንዳትሞክሩት። ነዘረኝ። አያትየዋ ግን ሰው ያላቸውን ብቻ ሰምተው የሚቀበሉ አይደሉም። ሳልከለክላቸው እሳቸውም ቀመሱት። ፊታቸው እንደ ጨርቅ ተጨማደደ።

«ይሄማ ይናከሳል» አሉ።

አልጋ ላይ ሁለተኛውን ሕፃን የታቀፈችው እናት ሳቀች። ከሳቋ የተነሣ ሕፃኑ ነቃ። እኔም ሳቅኩ።

ውኃው እየቀዘቀዘ ነው፤ የደረሰ ሳሙና የለም። ጠብታን አላዘዝኳትም። እሷ ራሷ «አመጣለሁ» ብላ ወጣች። በሹራቧ ጠቅልላ አራት ሳሙና ከላይኛው መደርደሪያ ይዛ መጣች። አንዱን ቀመስኩት። ምንም አይልም፤ ለስላሳ ነው። ደርሷል።

ሕፃኑን አጠቡት። ጠብታ ፎጣውን እንድትይዝ ፈቀዱላት። ሲጠቀለል አፍንጫዋን ጭንቅላቱ ላይ አድርጋ አሸተተችው።

«እማዬ እማዬ ይሸታል» አለች።

አያትየዋ በየቅዳሜው እየመጣች ፎጣ እንድትይዝላቸው ነገሯት። እስካሁን ትሄዳለች።

ስንመለስ ለምን አስቀድማ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። እኔም አዝኜ ስለነበር እንደፈራች ነገረችኝ። እውነቱን ነገረችኝና እኔም እውነቱን ነገርኳት፤ በዚያ ጠዋት በጊዜ የወጣሁት ሳሙናው ሲሸጥ ላለማየት ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ።

እጇን ያዝኳት፤ ሄድን።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ጠብታ ሮጣ ይቅርታ ጠየቀቻት። እህቴ ወገቧን አቅፋ አነሣቻት፤ ከእንግዲህ ሰሌዳም ወንድምም እንደማታምን፣ እየላሰች እንደምትሸጥ ነገረችን። ሦስታችንም በእናቷ ሳሙና እጃችንን ታጥበን ምሳችንን በላን። የጠብታ እጅም በማግስቱ ደህና ሆነ።

ልጆች፣ የምንወደው ነገር እንዳይሄድብን ስንፈራ፣ ደብቀን ሰው ከምናታልል፣ እውነቱን ለሚወዱን ሰዎች ቶሎ እንንገራቸው።

በዚያ ቀን መጨረሻ የሠራሁት ሥራ ይህ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ወጥቼ የእናቷን ሰሌዳ፣ ጽሑፉን ሳልነካው፣ ወደ ላይኛው መደርደሪያ መለስኩት።