ከፋይሉ ያልወጣው ሰው

መሳይ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል። ጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ ነው፤ እግሮቹ ግን እላይ እርከኖቹ ላይ ቀርተዋል። የጋዋኑ የፊት ቁልፎች ተበጥሰው ዙሪያውን ተበትነዋል። ኢንስፔክተር ኢፍቱ ደቻሳ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። ከዚያ ማንም እንዳይወጣ አዘዘችና የግቢውን የብረት በር አስቆለፈች።

የቁልፉ ድምፅ ፎቅ ላይ ድረስ ተሰማ።

ሽሮ ሜዳ ያለው የወይዘሮ የዓለምወርቅ የሐበሻ ልብስ ማከፋፈያ ድሮም መተንፈሻ የለውም፤ ጋቢው መስኮቱን፣ ነጠላው ኮሪደሩን ከወረሰው ቆይቷል። ፎቁ ቢሮ፣ ምድር ቤቱ ዕቃ ቤት ነው፤ መሃላቸው ያ ጠባብ ደረጃ አለ። ትእዛዝ የምትቀበለው ሩታ የምትቀመጠው ከደረጃው ራስ አጠገብ፣ ከመሳይ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ከመሳይ ጋር ስትጨቃጨቅ ቤቱ በሙሉ ሰምቷል። ከእንግዲህ ማን ያምነኛል አለች በልቧ።

«ስትጨቃጨቁ የዋላችሁት በምንድን ነው?» አለቻት ኢፍቱ፣ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ እየተቀመጠች።

«በፋይሉ።»

«ሰው በፋይል ይጣላል?»

«እዚህ ቤት በሌላ ተጣልተን አናውቅም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱቁ ገና ባለ አንድ ኮምፒውተር ሳለ፣ መሳይ ትእዛዙንም ዕቃውንም የሚይዝ የዳታቤዝ ፋይል ሠራ። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ የተሠራው ፋይል ዛሬ የመላው ድርጅት ተሸካሚ ሆኗል፤ የሕፃን ጫማ ለጎረምሳ ማለት ነው። ሁለት ሰው ሲገባበት ይንቀራፈፋል፣ ሌላ ሲጨመር ጭራሽ ይደርቃል። በደረቀ ቁጥር መሳይ ከወንበሩ ሆኖ «ውጡ!» ብሎ ይጮሃል። ሁሉም ፋይሉን ዘግተው ከያሉበት «ወጣሁ!» ይላሉ። ከዚያ እሱ ብቻውን ገብቶ ያጸዳዋል። አንድ ሰው እንኳ ውስጥ ከቀረ ፋይሉ አይከፈትለትም።

«በአዲስ ሥርዓት እንቀይረው ስለው ልጁን የቀማሁት ያህል ተቆጣ» አለች ሩታ። «ምሳ ላይ ግን መጥቶ ‹ልክ ነሽ፣ እንቀይረዋለን› አለኝ።»

«ይህን ማን ሰማ?»

«እኔ ብቻ።»

«ሲወድቅስ የት ነበርሽ?»

«‹ውጡ› ሲል ወጣሁ አልኩና የኋላ በረንዳ ላይ ጋቢ ስመርጥ ነበር።»

«ማን አይቶሻል?»

«እ... ማንም» አለች ሩታ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ውሸት መሰላት።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አክሊል ግን ቃሉ አልተደናቀፈም።

«መሳይ ‹ውጡ› ሲል ወጣሁ ብዬ ምድር ቤት ባለው ኮምፒውተሬ ፋይሉን ዘጋሁ። ከዚያ ዕቃ ልደረድር ወደ ውስጥ ገባሁ። እሱ እኔ ጋ አልወረደም። ድው ሲል ሰምቼ ብመጣ ወድቋል። ጠዋት ስትጮህበት የዋለችው ይህቺ ናት፤ ሌላ ምን ልበልዎት?»

በሰው ዓይን ነገሩ እዚያው አልቋል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ እንኳ ሩታን ሲያይ ካቴናውን ይነካካ ጀመር። ኢፍቱ ግን ከገንፎም ስንጥር የማታጣ ሴት ናት። ወይዘሮ የዓለምወርቅን ክፍላቸው ውስጥ ዘግታ አነጋገረቻቸው። ከዚያ የመሳይ ጠረጴዛ ጋ ቆማ ሩታን ጠራቻት።

«ይህ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ጽሑፍ ምንድን ነው?»

ሩታ አየችው። «ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ስለሆነ ፋይሉ አይከፈትም ነው የሚለው።»

ኢፍቱ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«እየወረደ ያለ ሰው ከኋላው ቢገፉት በፊቱ ይደፋል» ብላ ጀመረች። «መሳይ የወደቀው በጀርባው ነው፤ እግሮቹም ወደ ላይ ናቸው። ስለዚህ እየወጣ ነበር። ሊወጣ የቻለው ደግሞ አስቀድሞ ስለወረደ ነው።»

«ከላይ ሆና ደረቱን ብትገፋውስ?» አለ አክሊል ፈጠን ብሎ።

ሩታ ዞራ የምትሸሽበት ቦታ የላትም፤ ከኋላዋ ግድግዳ፣ ከፊቷ ፖሊሱ ነው።

«እኔም አስቤው ነበር» አለች ኢፍቱ። «ግን ደረቱን የተገፋ ሰው የጋዋኑ ቁልፍ አይበጠስም። ከኋላ ጨምድደው ሲጎትቱት ነው ፊት ለፊቱ የሚበጠሰው። የጎተተው ሰው ከበታቹ ነበር።»

ኢፍቱ ወደ መሳይ ኮምፒውተር ጠቆመች።

«አሁን፣ ለምን ወረደ? ሁላችሁም ‹ወጣሁ› ብላችሁታል፤ ፋይሉ ግን ሰው አለብኝ አለው። አንዳችሁ ዋሽታችኋል። የሩታ ኮምፒውተር ከመሳይ ወንበር ቁልጭ ብሎ ይታያል። የወይዘሮ የዓለምወርቅ ክፍልም እዚሁ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ የሚያስወርደው የአንድ ሰው ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ የእርስዎ፣ አቶ አክሊል።»

«እኔ ምን አለኝ ከፋይሉ ጋር?»

«እሱን እሜቴ ይንገሩን። ከምሳ በኋላ አክሊልን ምን አሉት?»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «መሳይ እንቀይረው ብሎኝ ነበር። በአዲሱ ሁሉም በየስሙ ነው የሚገባው፣ ማን ምን እንደነካ ይታያል አለኝ። እኔም ይህንኑ ለአክሊል ነግሬ፣ ለነገ ዕቃውን ቆጥረህ አዘጋጅ አልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው ያልኩት።»

«እስከ ዛሬ ሁላችሁም የምትገቡት በአንድ የይለፍ ቃል ነበር» አለች ኢፍቱ። «ጋቢ ቢጠፋ፣ ቁጥር ቢቀየር፣ እጁ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አቶ አክሊል የጎደለውን ለመሸፈን የቀረዎት ዛሬ ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ያልወጡት። መሳይም ወርዶ ቁጥር ሲቀይሩ በዓይኑ አየዎት።»

አክሊል ግድግዳውን ተደገፈ።

«ልገድለው አይደለም» አለ በመጨረሻ። «‹ለእትዬ ልናገር ነው› ብሎ ሲወጣ፣ ቆይ ልለው ነው የጎተትኩት። ቆይ ልለው ብቻ።»

ፖሊሱ ወሰደው። ኢፍቱ የሩታን ትከሻ ነካ አደረገች።

«አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ሩታ ቦርሳዋን አነሳች። ዳነች፤ ደረጃው ራስ ላይ ግን ቆመች። ሬሳው ከተገኘ ጀምሮ የፈራችው ለራሷ ነበር፤ ስለ ራሷ ስታስብ ለእሱ የሚሆን ቦታ አጥታ ነበር። ፍርሃቱ ለቀቅ ሲያደርጋት፣ ያ ኩሩ ሰው ተሸንፎ ሳይሆን አምኖ «ልክ ነሽ» እንዳላት፣ ከዚያም እንደሞተ፣ ያኔ ገና ገባት። ተመልሳ ተቀመጠችና ለመሳይ አለቀሰች።